ጨው ቀማሿ

በቤቴ አንድ ሕግ ነበረኝ። ከሰሉ ደጅ ተያይዞ፣ ጥቁሩ ሁሉ ጠፍቶ፣ ፍሙ ከላይ ነጭ አመድ መልበስ እስኪጀምር ድረስ ፈርኔሎው የበሩን ደፍ አያልፍም። ዝናብም ይዝነብ፣ እንግዳም ይቀመጥ፣ ባለቤቴም ይራብ፣ ሕጉ አይነካም። የግቢው ሴቶች ይስቁብኝ ነበር። "የእሷ ወጥ የሚደርሰው ባልየው ተርቦ፣ አኩርፎ፣ መልሶ ታርቆ ሲያበቃ ነው" ይሉኛል። ይበሉ። እኔ በከሰል ጢስ ታፍነው ተኝተው የቀሩ ሰዎች ወሬ ከጆሮዬ አይጠፋም። ደግሞ በልጅነቴ አንዲት እኩያዬ ስትሮጥ ምድጃ ላይ ወድቃ ፊቷ ሲበላሽ በዓይኔ አይቻለሁ። ከዚያ ወዲህ እሳት ባለበት ቦታ ልጅ ካየሁ፣ እጄ ሳላዘው ይዘረጋል።

ዘመኑ የጃንሆይ ዘመን ነው። ግቢያችን ከመሳለሚያ ወደ መርካቶ ሲወርዱ፣ ከሱቆቹ ጀርባ ነበረች። አንድ ረጅም የጭቃ ቤት በየክፍሉ ተከፍሎ ለየቤተሰቡ ተከራይቷል። እያንዳንዱ ክፍል አንድ በር አለው፤ በእያንዳንዱ በር ፊት አንድ የሸክላ ፈርኔሎ አለ። የኔው ወገቡ ቀጠን፣ አፉ ሰፋ ያለ፣ ድስት የሚቀመጥባቸው ሦስት ጉብታዎች ያሉት፣ ከታች በትንሿ በሩ ንፋስ የሚስብና አመድ የሚጥል ነበር። ሽሮውም፣ ምስሩም፣ ጎመኑም፣ በዓል ሲመጣ ዶሮውም በእሱ ላይ ነው የሚበስለው። ረፋዱ ላይ ሁሉም ማራገቢያውን ይዞ ደጅ ሲቀመጥ ግቢው በጢስ ይሞላል። ጢሱ ሲጠራ ደግሞ ሽታው ይመጣል፤ ማን ቤት ምን እንደተሠራ ለማወቅ መጠየቅ አያስፈልግም።

ከኔ ቀጥላ ባለችው ክፍል የወሎ ሰው፣ እስላም የሆነች ሴት ትኖር ነበር። ባሏ ከሱቅ በረንዳ ላይ መኪናውን ዘርግቶ የሚሰፋ ልብስ ሰፊ ነው። በዕድሜ ትንሽ ትበልጠኛለች፤ በሳቅ ደግሞ በጣም ትበልጠኛለች። ክብሪት የምንቆጥብበት ጊዜ ስለነበር ጠዋት ቀድማ እሳት ያነደደችው ለሌላዋ ትሰጣለች። የተሰበረ የእንስራ ገል ይዤ እሄድና "እሳት ልጫር" እላታለሁ፤ ሁለት ሦስት ፍም ታደርግልኛለች። በማግስቱ እሷ ትመጣለች። በዓሏ ሲሆን ዳቦና ቴምር ትልክልኛለች። በዓሌ ሲሆን ዳቦና ማር እልክላታለሁ። ሥጋ ግን አንላላክም። የእኛን ሥጋ የኛ ሰው በእኛ ጸሎት ያርደዋል፤ የእነሱን የእነሱ ሰው በእነሱ። ሠርግ ቤት እንኳ ቢሆን በሬው ሁለት፣ ድስቱም ሁለት ነው። በዚህ ማንም አይቀየምም ነበር። ከተወለድን ጀምሮ የምናውቀው ነገር ነው።

የዚያን ዓመት ልጄን ኩፍኝ ያዛት። ስድስት ዓመቷ ነበር። ከእሷ በፊት አንድ ወንድ ልጅ በዚሁ በሽታ ቀብሬአለሁ፤ ስለዚህ ያን ሰሞን እንዴት እንደሰነበትኩ አልጽፍም። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ኩፍኙ ወጣላት። የምግብ ፍላጎቷ ግን አብሮት ወጥቶ ሄደ። ወጥ ሳቀርብላት ፊቷን ወደ ግድግዳ ታዞራለች። እግሮቿ የሸምበቆ ያህል ቀጠኑ። ልጆች ሲጫወቱ ተቀምጣ ታያለች እንጂ አትነሣም።

ጤና ጣቢያ ወሰድኳት። ድሬሰሩ የዓይኗን ቆብ ወደ ታች ሳብ አድርጎ አየና "ደም የላትም" አለኝ። "ጉበት አብሏት። ጠብሳችሁ፣ በየጊዜው ትንሽ ትንሽ።" በሩ ላይ ስደርስ ደግሞ ጠራኝና "በደንብ ይብሰል ታዲያ" አለ።

እሱ ምናልባት ለሁሉም የሚለውን ነው ያለኝ። እኔ ግን ከነገረኝ ሁሉ የያዝኩት "በደንብ" የምትለዋን ነው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ፣ ከረቡዕና ዓርብ በቀር፣ ጉበት ከቤቴ አልጠፋም። በስስ በስሱ እቆርጥና ፍሙ ላይ ሽቦ አጋድሜ እጠብሰዋለሁ። ሲቀላ እገለብጠዋለሁ። ሲጠቁር እንደገና እገለብጠዋለሁ። ውስጡ ትንሽ ቀላ ብሎ ካየሁ ኮሶ ነው፣ በሽታ ነው፣ ሞት ነው የሚታየኝ። ልጄን ደግሞ ከፈርኔሎው አርቄ በርጩማ ላይ አስቀምጣታለሁ። መሬቱ ላይ በከሰል መስመር አስምሬ "ይህችን መስመር ካለፍሽ ውርድ ከራሴ" ብያታለሁ። እሷም አታልፍም። እዚያው ሆና እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ታየኛለች።

አንድ ቀን ባለቤቴ ከጠበስኩት አንዱን አንሥቶ አኘከ፣ አኘከ፣ ከአፉ አወጣውና አገላብጦ አየው።

"ይሄንን ጫማ ሠሪው ጋ ብንወስደው" አለ፣ "ሶል ያወጣበታል።"

"ሐኪም ነው ያዘዘው!"

"ሐኪሙ ጉበት አለ እንጂ ቆዳ አለ?"

ሳቅኩ፤ ግን ውስጤ አልሳቀም። ልጄ አትበላማ። "ይቺ ለአባትሽ፣ ይቺ ለማርያም" እያልኩ አጎርሳታለሁ። ጉንጯ ውስጥ ይዛው ትቆይና ዞር ስል ትተፋዋለች። አንድ ቀን በግድ አስዋጥኳት፤ ሁሉንም ከነውሃው መለሰችው። ከዚያ በኋላ ሽቦውን ስታይ ማልቀስ ጀመረች። እኔም ማታ ማታ ብርድ ልብሷን ገልጬ እግሯን በእጄ ለክቼ፣ ከትናንት ቀጥኗል ወይስ አልቀጠነም እያልኩ ከራሴ ጋር እከራከራለሁ።

ቀን ቀን ለባለቤቴ ምሳ አደርስለታለሁ። እህል በረንዳ ሚዛን ላይ ነው የሚሠራው። ያ ጎዳና በተሸካሚና በጋሪ የተጨናነቀ ስለሆነ የታመመ ልጅ ይዞ አይኬድበትም። ስለዚህ ልጄን ለጎረቤቴ ትቼላት እሄዳለሁ፤ ስመለስ እወስዳታለሁ። እንዲህ እያልን ክረምቱ ወጣ።

መስከረም አካባቢ ይመስለኛል፣ አንድ ጠዋት ልጄ ከበርጩማዋ ተነሥታ ዶሮ ስታባርር አየኋት። ቆሜ ቀረሁ። ጉንጯን ሳየው እንደ ድሮው ደም ሊመለስበት ምንም አልቀረው። በሳምንቱ ከልጆች ጋር ገመድ መዝለል ጀመረች። ባለቤቴ "ሶልሽ ሠራ በይ!" ብሎ አሾፈብኝ። ደስታዬ ልክ አልነበረውም። ግን እኔ ሰው ሲድንልኝ እንኳ ለምን እንደዳነ ካላወቅኩ እንቅልፍ የማይወስደኝ ሰው ነኝ። ጉበቱን ዛሬም ትተፋዋለች። እንጀራውን ትነካካለች እንጂ አትበላም። ታዲያ ይህች ልጅ ምን በልታ ነው የወፈረችው?

መልሱን ያገኘሁት ገላዋን ሳጥባት ነው። አንገቷን ስፈትግ ማተቧ ጣቴ ላይ ሙልጭልጭ አለብኝ። ጨመቅኩት፤ ስብ ነው። ወደ አፍንጫዬ አስጠጋሁት። የተጠበሰ ሥጋ ሽታ ነበር፤ ያውም በትኩሱ የተጠበሰ፣ ያልከረረ፣ ምራቅ የሚያመጣ ሽታ። ከኔ ቤት የወጣ አይደለም። ልጄ ሌላ የምትሄድበት ቤት ደግሞ አንድ ብቻ ነው።

ዛሬ ይህን ለሚያነብ ቀላል ይመስለው ይሆናል። ያኔ ግን ክርስቲያን ልጅ የእስላም ሥጋ በላ ማለት ሃይማኖቱን ለወጠ ከማለት እምብዛም አይለይም ነበር። ባለቤቴ የጎጃም ሰው ነው፤ በሌላው ነገር ሁሉ ለስላሳ ሲሆን በዚህ ቀልድ አያውቅም። ቢሰማ ልጅቷን ጠበል ይወስዳታል፤ ከጎረቤታችንም እሳት መጫር ይቀራል፤ ምናልባትም ቤት እንለቃለን። ይህ አንዱ ፍርሃቴ ነው። ሌላው ደግሞ ከዚያ የባሰ ነበር። ዝም ብዬ ብከለክላትስ? ያ የጉንጯ ደም ተመልሶ ይሄዳል። አንዱን ልጄን አፈር አልብሻለሁ፤ ሁለተኛዋን በእጄ ከምግብ ልመልሳት?

ጥቂት ቀናት ለማንም ሳልነግር ሰነበትኩ። የነፍስ አባታችን ሲመጡ ልጠይቃቸው አፌን ከፈትኩና ስለ ዝናቡ ጠየቅኳቸው። ጎረቤቴን ሳያት ዓይኔን እሰብራለሁ። እሷ ግን እንደወትሮዋ "አንቺዬ፣ ዛሬ ደግሞ ማን ሞተብሽ?" እያለች ትስቃለች። ምሳውን ይዤ ስወጣ ልጄን አሁንም ለእሷ ነው የምተዋት። ፈቀድኩ ማለት ነው ወይስ ፈራሁ ማለት ነው? እስከ ዛሬ ለይቼ አላውቀውም።

በመጨረሻ አንድ ቀን ምሳ ዕቃውን እንዳንጠለጠልኩ ከመሳለሚያ ጥግ ተመለስኩ። ደጃፏ ላይ ማንም የለም። በቤቱ ጎን ዞሬ ወደ ጓሮ ሄድኩ። ከግድግዳው ጥግ ሳልወጣ ድምፃቸው ደረሰኝ።

"እትዬ፣ ይገልብጡት፣ ይሄኛው ወገን ጮኋል" ትላለች የኔ ልጅ።

"እሺ የኔ እመቤት፣ ገለበጥኩ። ጨውስ?"

"ቆይ ልቅመስ።" ምላሷን ስታጣጥም ይሰማኛል። "ያንሰዋል።"

"ትናንት በዛ አልሽ፣ ዛሬ አነሰ! አንቺንስ ያገባ ሰው አበሳውን ያያል።"

"እርስዎ ይቅመሱት ታዲያ!"

"እኔማ አልቀምስም። ያንቺ ነው። የኔ ምላስ እዚህ ሥራ የለውም፤ ጨምሪበትና ፍረጂ።"

ብቅ ስል ልጄ እሳቱ አጠገብ ቁጢጥ ብላለች። ጉልበቷ ከፍሙ አንድ ስንዝር ቢርቅ ነው። በአንድ እጇ የጨው ዕቃ፣ በሌላው የጉበት ቁራጭ ይዛለች። አፏ ዙሪያው በስብ ያብለጨልጫል። ልጮኽ ነበር፤ ግን አንዴ ነክሳ ስትውጠው አየሁና ባለሁበት ቆምኩ። እኔ ልጄ ስትውጥ ካየሁ ስንት ጊዜዬ ነው!

ጎረቤቴ ቀና ብላ አየችኝ። አልደነገጠችም።

"ያ ምስኪን ሰውዬስ? ምሳውን አዙረሽ ወደኔ አመጣሽው?"

"ምንድን ነው ይሄ?" አልኳት።

"ጉበት ነዋ።"

"የማን?"

እሷም ይህችን አንድ ቃል ሰምታ ሁሉንም ገባት። ሳቋ ከፊቷ ላይ ወረደ። ማራገቢያውን መሬት ላይ አስቀመጠች።

"የናንተ ነው" አለችኝ። "መስቀል ካለበት ሥጋ ቤት ነው የማመጣው። ተቀመጪ፤ ቆመሽ አትይኝ።"

ተቀመጥኩ። ያን ጊዜ ነው ፈርኔሎውን ልብ ብዬ ያየሁት። የእሷ አይደለም። የእሷን አውቀዋለሁ፤ ጠርዙ የተሸረፈ ትልቅ ነው። ይህ አዲስ፣ ትንሽ፣ የልጅ መጫወቻ የሚመስል ነበር። ላዩ ላይ ከምናለሽ ተራ የተገዛ አዲስ ሽቦ፣ አጠገቡ ደግሞ ለብቻው በጨርቅ የተጠቀለለ ቢላዋ።

"ያን ሰሞን ለባሌ ጉበት ስጠብስ" አለች፣ "ይህች ልጅሽ ሽታው ጎትቷት መጣችና አጠገቤ ቆመች። ዓይኗን ጉበቱ ላይ ተከለች። ቆርጬ ልሰጣት እጄን ዘረጋሁ። ከዚያ ማተቧን አየሁና መለስኩት። ሕፃን ናት፣ ብትበላ ማን ያያል ትይኝ ይሆናል። አላህ ያያል። አንቺም አምነሽ ነው ጥለሽልኝ የሄድሽ። በማግስቱ ሸክላ ተራ ሄጄ ይህን ገዛሁላት፤ ከኔ ጋር እንዳይነካካ። ከዚያ ሥጋ ቤት ሄድኩ።"

"አንቺ? የኛ ሥጋ ቤት?"

"እኔ! ሻሼን አስሬ ሰልፉ መሃል!" ሳቋ ተመለሰ። "ባለሥጋው 'እትዬ፣ ተሳስተው ነው፤ የእናንተ ከማዶ ነው፣ ጨረቃው አይታይዎትም?' ይለኛል። ጨረቃው ይታየኛል፤ ጉበት ስጠኝ አልኩት። ከኋላዬ አንዱ 'ዛሬ ማተብ ልናስርላት ነው በሉኛ' ብሎ ሰዉን አሳቀብኝ። ዞር ብዬ፣ አንተ መጀመሪያ የራስህን አጥብቀህ እሰር፣ ላልቶብሃል አልኩት። አሁንማ ለምደውኝ ገና ከሩቅ ሲያዩኝ 'ጉበቷ መጣች' ይላሉ።"

ልጄ በመሃል ሁለተኛውን ቁራጭ ጨው እየነሰነሰችበት ነበር።

"ግን እንዴት በላችልሽ?" አልኩ። ልቤን የበላው ይሄ ነበር። "እኔ ለማርያም ብዬ፣ ለምኜ፣ አስፈራርቼ እንቢ ያለችኝን።"

"እኔ ምን አውቃለሁ? እንደምታይው እኔ አልቀምሰውም። የመጀመሪያው ቀን ጨው ረሳሁበት፣ ተፋችው። እንግዲያው እኔ መቅመስ አልችልም፣ አንቺው ንገሪኝ ብዬ የጨው ዕቃውን ሰጠኋት። ቀመሰችና ጨመረች። ደግሞ ቀመሰች፤ 'ትንሽ ይቆይ' አለች፤ ደግሞ ቀመሰች። ስትቀምስ ስትቀምስ ሽቦው ባዶ ሆነ። ከዚያ ወዲህ እሷ ናት ሠሪዋ። እኔ አራጋቢ ነኝ።"

"ለምን አልነገርሽኝም?"

"ብነግርሽ እሳቱ አጠገብ ታስቀምጫት ነበር?" ማራገቢያውን መልሳ አነሣች። "ጉበቱንም ትቀሚን ነበር። አትቀየሚኝና፣ አንቺ ስትጠብሺ ግድግዳዬን አልፎ ይሸተኛል። በሬው አንዴ ታርዷል፤ አንቺ ሁለተኛ ታርጅዋለሽ።"

ልጄ ሳቀች። እኔ አለቀስኩ። ጎረቤቴ "አብሽሪ፣ አብሽሪ" እያለች ጀርባዬን ደባበሰችኝ። የባለቤቴ ምሳ ያን ቀን ቀዝቅዞ ነው የደረሰው።

ማታ ለባለቤቴ ሁሉንም ነገርኩት፤ ማተቡን፣ ስቡን፣ የፈራሁትን፣ ጓሮ ያየሁትን። ስለ ሥጋው ሳነሣ ፊቱ ሲጠቁር አየሁ። ስለ ሰልፉ ስነግረው ግን ዓይኑን ከእኔ አንሥቶ ወደ ግድግዳው አደረገ። ከግድግዳው ማዶ የእነሱ ድምፅ ይሰማል። ድምፁን ዝቅ አድርጎ "ባሏ ያውቃል?" አለኝ።

"ያውቃል። 'ለነፍስ ነው' ብሏታል አሉ።"

ከዚያ በኋላ ሥጋ ቤት መሰለፍ የእሱ ሥራ ሆነ። ከሥራ ሲወጣ ጉበቱን በቅጠል አስጠቅልሎ ያመጣል። ለኔ አይሰጠኝም፤ ጎረቤታችን ደጃፍ ቆሞ "እትዬ፣ ለምድጃዎ" ይላታል። ከዚያ ባሏ የስፌት መኪናውን ይዞ ሲገባ አብረው ቆመው ስለ እህል ዋጋ ያወራሉ።

እኔ ደግሞ የቀረኝ ነገር ነበር። ጎረቤቴ አንድ ጠዋት ትንሹን ፈርኔሎ ታቅፋ መጣችና ደጃፌ ላይ፣ ከትልቁ አጠገብ አስቀመጠችው። "እኔ እህቴን ልጠይቅ አገሬ መሄዴ ነው። ሠሪዋ ሥራ መፍታት የለባትም" ብላ ሄደች።

ከሰሉን እንደ ሕጌ ደጅ አያያዝኩ። ጥቁሩ እስኪጠፋ ጠበቅኩ። ልጄ በርጩማዋ ላይ፣ ከመስመሩ ማዶ ተቀምጣ እጆቿን ጭኗ ላይ አድርጋ ታየኛለች። እንደዚያ ስታየኝ ስንት ጊዜ አይቻት አላየኋትም። ተነሥቼ መስመሩን በእግሬ ደመሰስኩት። በርጩማዋን አንሥቼ ፈርኔሎው አጠገብ አደረግኩት። የቀሚሷን ጫፍ ጉልበቷ ላይ ሰበሰብኩ፤ ነጠላዋን ከኋላዋ አሰርኩ፤ አንድ ጣሳ ውሃ አጠገቤ አስቀመጥኩ። ከዚያ የጨው ዕቃውን ሰጠኋት።

ጉበቱ ሽቦው ላይ ጮኸ። ገለበጥኩት።

"አውጪው እማ" አለች።

"ገና ነው የኔ እናት።"

"በስሏል። አውጪው።"

ውስጡ እንደ ጽጌረዳ ነበር። ያንን ቀለም ሳይ የቀበርኩት ልጅ፣ ድሬሰሩ፣ የሰማሁት በሽታ ሁሉ ፊቴ ተደረደረ። እጄ ሽቦው ላይ ቆመ። እሷ አላለቀሰችም፣ አልለመነችም፤ እንደ ዳኛ ጠበቀችኝ። አወጣሁት።

ጨው ነሰነሰች፤ ቀመሰች፤ አሰበች። ደግሞ ትንሽ ጨመረች። የመጀመሪያውን ቁራጭ በላችና ሁለተኛውን በጣቶቿ ይዛ ወደ አፌ ዘረጋችው።

"አንቺም ቅመሺ።"

ከፈርኔሎው ጎን ተንበርክኬ አፌን ከፈትኩ። ለስላሳ ነበር። እንዲህ ዓይነት ጉበት በቤቴ ተሠርቶ አያውቅም። እኔ ግን ያው እኔ ነኝ፤ የሆነ ነገር ካላልኩ አይሆንልኝም።

"ጨው ያንሰዋል" አልኳት።

"አያንሰውም" አለችኝ፤ ሦስተኛውን አነሣች።